የፊት ጥርስ ኢምፕላንት፦ የአጥንቱ ቁመት በቂ ነው ተባልኩ፣ ውፍረቱንስ ማን አየው?

የመነሻ ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁ። ከላይኛው የፊት ጥርሶቼ አንዱ፣ መሃል ላይ ያለው፣ ከተነቀለ 4 ወር ሆነው። በልጅነቴ ወድቄ ተመትቶ ነበር። ኋላ ሥሩ ታክሞ ብዙ ዓመት አገለገለኝ። በመጨረሻ ሥሩ ተሰነጠቀና መነቀል ግድ ሆነ። አሁን ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ ገብቶ ጥርስ የሚሸከም የቲታኒየም ሥር፣ ላስተክል ነው።

የመጀመሪያው ሐኪም ፓኖራማ ራጅ (መንጋጋውን ሁሉ በአንድ ገጽ የሚያሳይ) አነሳኝ። ፎቶውን እያሳየ የአጥንቱ ቁመት ከበቂ በላይ መሆኑን ነገረኝ። ቀንም ቆረጠልኝ። ልቤ ግን አላረፈም፣ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። እሷ ከንፈሬን ገልጣ ድዴን በጣቷ ዳሰሰች፣ ከጎንም አየችው። ጥርሱ ከነበረበት ቦታ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ነገር አለ አለችኝ። የኮን ቢም ሲቲ ምስል፣ አጥንቱን ከሁሉም አቅጣጫ ቆራርጦ የሚያሳየውን፣ ሳታይ መሰርሰሪያ እንደማታነሳም ነገረችኝ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ለአንድ ጥርስ ይህን ያህል ምርመራ የግድ ነው? ወይስ ትርፍ ነገር ነው? የምታውቁ፣ የደረሰባችሁም ካላችሁ ንገሩኝ። ፈርቻለሁ። ስናገርም ስስቅም የሚታይ ጥርስ ነው።

(ምላሾቹ ብዙ ሆኑ። አዲስ የሚገባ ሰው ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብደው በተራቸው በራሴ አነጋገር አስፍሬያቸዋለሁ። አንዳንዱን አሳጥሬዋለሁ። ሐሳቤን የቀየሩት ላይ ግን ቆይቻለሁ።)

ምላሽ 1

ከአንድ ቅን ሰው የመጣ ነው። አይዞህ ብሎ ጀመረ። የታችኛው መንጋጋ ጥርሱን ካስተከለ 6 ዓመት ሆኖታል። የተነሳው ተራ ራጅ ብቻ ነበር፣ እስከ ዛሬም ምንም አልሆነበትም። ስለዚህ በከንቱ እንዳልጨነቅ፣ የመጀመሪያውን ሐኪም እንድሰማ መከረኝ። ደስ አለኝ። መስማት የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

ምላሽ 2

ደስታዬ ብዙም አልቆየ። የጥርስ ሕክምና ተማሪ የሆነች እህት ምላሽ 1ን በትህትና አረመችው። የኋላ ጥርስና የፊት ጥርስ አንድ እንዳልሆኑ አስረዳች። የኋላው አጥንት አብዛኛውን ጊዜ ሰፊ ነው። ድዱ ትንሽ ቢሸሽ እንኳ ማንም አያየውም። የፊቱ አጥንት ግን ስስ ነው፣ ያዘነበለም ነው።

ከዚያ ስለ ራጅ ጻፈች። ተራ ራጅ ጥላ ነው። ቁመትን ያሳያል። በግራና በቀኝ ካሉት ጥርሶች መሃል ያለውን ርቀትም ያሳያል። ከከንፈር ወደ ላንቃ ያለውን ውፍረት ግን ጨፍልቆ አንድ ገጽ ላይ ያስተኛዋል። እንደ ቢላ ስለት የሳሳ አጥንትና እንደ ጡብ የወፈረ አጥንት ራጁ ላይ እኩል ቁመት ይዘው ሊታዩ ይችላሉ። ፓኖራማ ደግሞ በተለይ ፊት ጥርሶች አካባቢ ይደክማል። የአንገት አጥንት ጥላ ይደረብበታል። አጥርቶ የሚያነሳው ንጣፍም እዚያ ጋ ጠባብ ነው። መጠንንም ያጎላል።

ይህን ሳነብ የመጀመሪያው ቀጠሮዬ ትዝ አለኝ። ወሬው ሁሉ ስለ ቁመት ነበር። ስለ ውፍረት አንድ ቃል አልተነሳም።

ምላሽ 3

ኢምፕላንት የሚተክል ሐኪም ነው። ረጅም ጻፈ፣ ትዕግሥት ስላደረገልን አመሰግነዋለሁ።

ሐሳቡ ይሄ ነው። የፊት ጥርስ ኢምፕላንት ዕጣ የሚወሰነው በከንፈር በኩል ባለው የአጥንት ግድግዳ ነው። ይህ ግድግዳ በተፈጥሮው ስስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የታተመ አንድ ጥናት 250 ሰዎችን በኮን ቢም መርምሮ ነበር። በአብዛኞቹ ቦታዎች ግድግዳው ከ1 ሚሊሜትር አይበልጥም። ግማሽ በሚጠጉት ላይ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው።

ቀጥሎ ጥርስ ሲነቀል ምን እንደሚሆን አብራራ። የጥርሱን ጉድጓድ የሚሸፍነው ቀጭን የአጥንት ንጣፍ የሚኖረው ጥርሱ ስላለ ነው። ደም የሚያገኘው ጥርሱን ከአጥንት ጋር ከሚያያይዘው ጅማት ጭምር ነው። ጥርሱ ሲወጣ ጅማቱም አብሮ ይሄዳል፣ ንጣፉም ይሟሟል። ስስ ግድግዳ ከዚያ ንጣፍ ሌላ ብዙ የለውም። ስለዚህ ሁሉም ይጠፋል። በ2013 የወጣ ሌላ ጥናት ልዩነቱን በቁጥር አስቀምጦታል። ግድግዳቸው 1 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች በሆነ ሰዎች ላይ፣ በ8 ሳምንት ብቻ የከንፈር በኩሉ አጥንት መሃሉ ላይ በ7.5 ሚሊሜትር ገደማ ዝቅ ብሏል። ከዚያ በወፈረባቸው ላይ ግን የወረደው 1.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው።

መጨረሻ ላይ ስሌቱን አስቀመጠልኝ። ለመሃል የፊት ጥርስ የሚመረጠው ኢምፕላንት 4 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት አለው እንበል። በከንፈር በኩል 2 ሚሊሜትር አጥንት እንዲቀር ይፈለጋል። በላንቃ በኩል ቢያንስ 1 ይጨመር። በድምሩ 7 ሚሊሜትር ይሆናል። ከተነቀለ 4 ወር የሆነው አጥንት 7 ሚሊሜትር መኖሩን ማንም ሰው ከፓኖራማ ላይ አንብቦ ሊነግረኝ አይችልም። ከጎን ካሉት ጥርሶችም ቢያንስ 1.5 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። እሱን ግን ተራው ራጅም ያሳያል።

ይህ ምላሽ ለኔ የውይይቱ ልብ ነው። ሁለቱ ሐኪሞች የተለያዩት በጥንቃቄ መጠን ይመስለኝ ነበር። ለካ የሚያዩት ነገር ራሱ ይለያያል።

ምላሽ 4

ምስጋና ብቻ ነው።

ምላሽ 5

አንዲት እህት የራሷን ታሪክ ጻፈች። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የላይኛው የጎን ጥርሷን፣ ከመሃሉ ቀጥሎ ያለውን፣ አስተክላ ነበር። ከመተከሉ በፊት የተነሳችው አንድ ትንሽ ራጅ ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ጥርሱ ያምር ነበር። ከዚያ ድዱ ቀስ በቀስ ወደ ላይ ሸሸ። በቀጭኑ ድድ ውስጥ ግራጫ ጥላ መታየት ጀመረ። ኋላ በኮን ቢም ሲታይ ኢምፕላንቱ ወደ ከንፈር ተጠግቶ ተተክሏል፣ ከፊት ለፊቱም የሚታይ አጥንት የለም። አሁን ስትስቅ በእጇ ትሸፍናለች። ማንንም ለመክሰስ እንዳልጻፈችው፣ እኔ ከመቸኮሌ በፊት እንዳነበው ብላ እንደሆነ ተናገረች። እህቴ፣ አንብቤዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ምላሽ 6

አጭር ጥያቄ ነበር፦ እስኪያልቅ ድረስ ባዶውን ቦታ በምን ይሸፍኑታል? በዚያ ሰዓት ማንም አልመለሰለትም። መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

ምላሽ 7

ብዙ ዘመን የሠሩ አንጋፋ የጥርስ ሐኪም ናቸው። በጨዋ ቋንቋ ተቃወሙ። ኮን ቢም ሳይኖር ብዙ ኢምፕላንት ተክለዋል። የሚጠቀሙት ጣትንና ካሊፐርን (ውፍረት መለኪያ መሣሪያ) ነው። ቦታው ይደነዝዛል። ቀጭን መርፌ ድዱን ወግቶ አጥንት ላይ ሲቆም ጥልቀቱ ይለካል። የድዱ ውፍረት ከጠቅላላው ሲቀነስ የአጥንቱ ስፋት ይወጣል። ያን በጄሶ ሞዴል ላይ ነጥብ በነጥብ ይሥሉታል። ወጣት ሐኪሞች ማሽን ላይ ብቻ ተደግፈው እጃቸውን መርሳት እንደሌለባቸው አሳሰቡ። እኔ ይህን አክብሬ ተቀብያለሁ። የኔን የሰረጎደ ቦታ መጀመሪያ ያገኘው የሁለተኛዋ ሐኪም ጣት ነው።

ምላሽ 8

ከዚህ በኋላ ነገሩ ከረረ። አንድ ሰው መጣና ሐኪሞች ሁሉ ነጋዴ ሆነዋል የሚል ክስ አሰማ። ኮን ቢም ማሽኑን ለገዙ ሰዎች ገቢ ማስገኛ፣ ለታካሚው ደግሞ ከንቱ ጨረራ ነው ባይ ነው። ማስረጃ ብሎ ያመጣው የዘመናዊ ኢምፕላንት ጀማሪ የሆነውን የስዊድኑን ፐር ኢንግቫር ብሮነማርክን ነው። በ1965 የመጀመሪያውን በሽተኛ ዮስታ ላርሶንን ሲያክም ኮን ቢም የሚባል ነገር አልነበረም። ሰውየው ግን በ2006 እስኪሞት ድረስ 40 ዓመት በነዚያው ኢምፕላንቶች በልቷል። ስለዚህ ምላሽ 3 ላይ የተጻፈው ሁሉ ማስፈራሪያ ነው ሲል ደመደመ።

ምላሽ 9

ሌላ ሰው በቁጣ መለሰለት። ታሪኩ እውነት መሆኑን አመነ፣ ድምዳሜውን ግን አልተቀበለም። የላርሶን ኢምፕላንቶች የተተከሉት የታችኛው መንጋጋ ላይ ነው። ያኔ ቀዶ ሕክምናው ድዱን በሰፊው ከፍቶ አጥንቱን በዓይን እያዩ ነበር። ዓላማውም ሰውየው እንዲያኝክ እንጂ የድዱ መስመር ከጎረቤት ጥርስ ጋር በሚሊሜትር እንዲገጥም አልነበረም። እዚህ ድረስ ጥሩ ሄደ። ከዚያ ግን ምላሽ 8ን ደንቆሮ እስከማለት ደረሰ። ክርክሩን አሸንፎ ሳለ ስድብ መጨመሩ አሳዘነኝ። ምላሽ 8 የጻፈው ሰው ከዚያ በኋላ አልተመለሰም፣ ባይሄድ እመርጥ ነበር። የጨረራና የወጪ ሥጋት የብዙ ሰው ነው።

ምላሽ 10

የመድረኩ አስተዳዳሪ ናት። ሁለቱንም ገሠጸች። ስድቡ ካልቆመ ውይይቱን እንደምትዘጋው አስጠነቀቀች። ከዚያ ምላሽ 8 የነካካውን የጨረራ ነገር በረጋ መንፈስ አነሳች። የኮን ቢም መጠን እንደ መሣሪያውና እንደሚነሳው ቦታ ስፋት በጣም ይለያያል። ለጥቂት ጥርሶች ብቻ በጠበበ መስክ ሲነሳ ከጥቂት አሥሮች እስከ ጥቂት መቶ ማይክሮሲቨርት (የጨረራ መለኪያ) ነው። የሰው ልጅ በአማካይ በዓመት ከተፈጥሮ ብቻ ወደ 2400 ማይክሮሲቨርት ይቀበላል። ይህ ማለት ግን በየጊዜው መነሳት ይቻላል ማለት አይደለም። መስኩ ከሚፈለገው ቦታ እንዳይሰፋ ሐኪሙን መጠየቅ እንደሚገባ መከረች። የአሜሪካ የአፍና የፊት ራዲዮሎጂ አካዳሚም በ2012 ባወጣው አቋም፣ ለኢምፕላንት ዕቅድ ውፍረትን የሚያሳይ ምስል እንዲኖር መክሯል። ለዚያም ኮን ቢምን ያስቀድማል።

ምላሽ 11

ምላሽ 3ን የጻፈው ሐኪም ተመለሰ። ምላሽ 7ን ጋሼ ብሎ በአክብሮት ጀመረ። ካሊፐር ዛሬም እንደሚጠቅም ተስማማ። ግን አንድ ነገር ያመልጠዋል። ካሊፐር ከአጥንቱ ጠርዝ፣ ድዱ መስመር አጠገብ፣ ያለውን ስፋት ይለካል። አደጋው ብዙ ጊዜ ያለው ግን ከፍ ብሎ፣ የሥሩ ጫፍ ከነበረበት አካባቢ ነው። እዚያ አጥንቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። በተለይ ከጎን ጥርሱ በላይ ይህ የተለመደ ነው። ጠርዙ ላይ ሰፊ የሆነ አጥንት ከ8 ወይም ከ10 ሚሊሜትር በኋላ ወገቡ ሊቀጥን ይችላል። መሰርሰሪያው ቀጥ ብሎ ከሄደ በዚያ ወገብ በኩል ይወጣል። ድዱ ካልተከፈተ ደግሞ ማንም አያየውም።

ስለ ማዘንበልም ጻፈ። በ2011 የ100 ሰዎችን 600 የላይኛ የፊት ጥርሶች ያየ ጥናት ጠቀሰ። 81 በመቶ በሚሆኑት ላይ ሥሩ የከንፈሩን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። የሚይዘው አጥንት ያለው ከኋላው፣ በላንቃ በኩል ነው። ጥርስ ተነቅሎ በዚያው ቀን ኢምፕላንት ሲተከል የሥሩን ጉድጓድ ዝም ብሎ መከተል ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው። ጉድጓዱ ወደ ከንፈር ይመራል፣ አጥንቱ ያለው ግን ወደ ኋላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አስምሮበታል። ዕቅድ የሚጀመረው ከጥርሱ ነው። መጀመሪያ ጥርሱ የት ላይ ቢቆም እንደሚያምር ይወሰናል። ከዚያ ኢምፕላንቱ ያንን ጥርስ ለመሸከም የት መግባት እንዳለበት ይታያል። በመጨረሻ እዚያ ቦታ አጥንት አለ ወይ ተብሎ ይጠየቃል። አጥንት ያለበት ቦታ ተተክሎ ጥርሱ በኋላ የሚፈለግለት ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ ረዝሞና ወደ ፊት ወጥቶ ይቀራል።

ምላሽ 12 እና 13

ከርዕስ ወጣን። አንዱ ኢምፕላንት የሚለውን ትተን የጥርስ ተከላ እንድንል ጠየቀ። ሌላው ሐኪም ቤት ሄዶ ተከላ ቢል ሰዉ ሰው ሠራሽ ጥርስ ሁሉ ይመስለዋል፣ ስለዚህ ኢምፕላንት ይሻላል አለ። ለኔ ሁለቱም ይገቡኛል።

ምላሽ 14

ይህ በጣም አስደነገጠኝ። ጸሐፊው በአፍ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚሠራ ነው። ሁላችንም ስለ ላይኛው መንጋጋ ስናወራ የታችኛውን መርሳታችንን አሳሰበ። ምላሽ 9 ላይ የታችኛው መንጋጋ ቀላል ተደርጎ የቀረበ መስሎት ነው። የታችኛው የፊት አጥንት በምላስ በኩል ሊሰረጉድ ይችላል። እዚያ ወደ አጥንቱ የሚገቡ የደም ሥሮች አሉ። መሰርሰሪያ የምላሱን በኩል በስቶ ከወጣ የአፍ ወለል ውስጥ ደም ይጠራቀማል። ምላስ ወደ ላይና ወደ ኋላ ይገፋል፣ አየር መንገድ ይዘጋል። ብርቅ ነው፣ ግን በሕክምና ጽሑፎች ተደጋግሞ ተመዝግቧል፤ ሕይወትም ላይ አደጋ ጥሏል። የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ቦታ በጣም ጠባብ በመሆኑም 3 ሚሊሜትር ገደማ የሆኑ ቀጫጭን ኢምፕላንቶች ይመረጣሉ።

ምላሽ 15

የ16 ዓመት ልጇ የፊት ጥርሷን ያጣችባት እናት ናት። አጥንቷ ሰፊ ከሆነ አሁኑኑ ማስተከል ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ምላሽ 2ን የጻፈችው ተማሪ መለሰችላት። አጥንቱ ቢሰፋም ዕድገቱ ማለቅ አለበት። ኢምፕላንት ከአጥንቱ ጋር ተዋህዶ ይቆማል፣ የጎረቤት ጥርሶች ግን ከመንጋጋው ጋር ማደጋቸውን ይቀጥላሉ። ከዓመታት በኋላ፣ የተተከለው ጥርስ አጥሮ ይቀራል። እናትየው አመሰገነች። ለልጇ ጥሩ ጊዜያዊ መፍትሔ እንዲገኝላት እመኛለሁ።

ምላሽ 16

ስለ ኮን ቢም ድክመት የጻፈ የምስል ባለሙያ ነው። ይህን ሚዛናዊ ሰው በጣም ወደድኩት። ኮን ቢምም ሁሉን አያይም። በጣም የሳሳ ግድግዳ፣ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ የሆነ፣ ምስሉ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም። በአካባቢው ብረት ካለ ጨረሩ ይበታተንና ጎኑ ያለው አጥንት ይደበዝዛል። ምላሽ 5 ላይ እህታችን አጥንት አልታየም የተባለችው በከፊል በዚህ ምክንያት ሊሆን እንደሚችል ጠቆመ። ድዷ መሸሹ ግን ራሱ ምስክር ነው። የአጥንትን ጥንካሬ በቁጥር ለመለካትም ኮን ቢም እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ስካን አይታመንም።

አንድ ጥሩ ዘዴም ነገረን። ምስሉን ስንነሳ በከንፈርና በድድ መካከል የጥጥ ጥቅል ቢገባ፣ ከንፈሩ ከድዱ ይለያል። ያኔ የአጥንቱ ብቻ ሳይሆን የድዱም ውፍረት ይነበባል።

ምላሽ 17

ምላሽ 1ን የጻፈው ሰው ተመለሰ። ምክሩን ሳያውቅ እንደሰጠኝ ተናገረ፣ ምስሉን እንድነሳም ገፋፋኝ። ከሌሎች ፊት ሐሳብን መቀየር ቀላል አይደለም። አክብሬዋለሁ።

ምላሽ 18

ይህ የኔው ነው። ምስሉን ተነሳሁ። ጥጡንም አስገባሁ። ሐኪሟ ምስሉን እንደ መጽሐፍ ገጽ አንድ በአንድ እየገለጠች አሳየችኝ። የአጥንቱ ጠርዝ ላይ ያለኝ ስፋት 4.2 ሚሊሜትር ነው። ከፍ ሲል ወደ 6 ይሰፋል። ከዚያ ጣቷ ያገኘው የሰረጎደ ቦታ ጋ ተመልሶ ወደ 4.8 ይጠባል። የ4 ሚሊሜትር ኢምፕላንት በኮምፒውተሩ ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠችው። የኢምፕላንቱ ጫፍ በከንፈር በኩል ወጥቶ ታየኝ። ቁመቱ ግን የመጀመሪያው ሐኪም እንዳለው በቂ ነበር። ስለ ቁመቱ አልተሳሳተም።

ምላሽ 19

የምላሽ 3 ሐኪም የለጠፍኩትን ምስል አየ። ሩቅ ሆኖ ሕክምና ማዘዝ እንደማይችል አስቀድሞ ተናገረ። ግን ከመሃል ጥርሶቹ በስተኋላ ያለውን ቦይ እንድጠይቅ ነገረኝ። ነርቭና የደም ሥር የሚያልፍበት ነው። የኔ ሰፋ ያለ መሰለው። ከንፈር በኩል አጥንት ስላጣን ኢምፕላንቱን ወደ ኋላ እንግፋው ቢባል ወደዚያ ቦይ ሊገባ ይችላል። እዚያ ያለው ለስላሳ አካል እንጂ አጥንት ስላልሆነ ቲታኒየሙ አይዋሃደውም። ጥያቄውን ለሐኪሟ አቀረብኩላት። አይታው ኖሯል። ለዚህም ነው መጀመሪያ በከንፈር በኩል አጥንት ጨምራ፣ ወራት ቆይታ፣ እንደገና ለክታ ለመትከል የወሰነችው።

ምላሽ 20

ምላሽ 6ን የጻፈው ወንድም ጥያቄውን በድጋሚ አነሳ። አሁን መልሱን ስላወቅኩ ራሴ ጻፍኩለት። የሚወልቅ ጊዜያዊ ጥርስ ከሆነ አጥንት የተጨመረበትን ቦታ መጫን የለበትም። ከተጫነው የተጨመረው አጥንት ይንቀሳቀሳል፣ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ለኔ ከጎን ጥርሴ ጀርባ ላይ የሚለጠፍ ጥርስ ነው የተመረጠው። ድዱን አይነካም። የቀዶ ሕክምናው ቀን ከ2 ሳምንት በኋላ ነው። የሁለተኛውን መለኪያ ምስል እዚሁ እለጥፈዋለሁ።